አያ ደምሌና የጳጉሜ ቀጠሮ

አያ ደምሌ ማረፋቸውን የነገረችኝ ሲስተር ትርንጎ ናት። ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ወንበሬን ገና ሳላስተካክል፣ ከነጭ ጋዋኗ ላይ ነጠላዋን ዘቅዝቃ በሩ ላይ ቆመች።

«ዘሃራ፣ አያ ደምሌ አርፈዋል። ትናንት ተቀበሩ አሉ።»

«በምን?» አልኋት።

«ጨጓራ ነው ሲሉት የኖሩት ጉበት ነበር።»

ከዚያ ወዲያ የተናገረችው አልተሰማኝም። ከፊቴ ያለው ወንበር የሳቸው ነበር። ከሳቸው በኋላ ሦስት ሰው ተቀምጦበታል፤ ለኔ ግን የሳቸው ወንበር ነው። ስለ እሳቸው ለሰው መናገር የሚገባኝ አንድ ነገር ነበረኝ። ዛሬ ነገ ስል አምስት ዓመት አለፈ። አሁን ደግሞ እሳቸው የሌሉበት ነገ መጣብኝ።

መጀመሪያ የተገናኘነው እዚሁ ጎንደር፣ እስካሁን በምሠራበት የዓይን ሕክምና ማዕከል ነው። ከትምህርት ቤት የወጣሁ ሰሞን ነበር። ቤተሰቦቼ እዚሁ ጎንደር የአዲስ ዓለም ሰፈር ነጋዴዎች ናቸው፤ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ። ወንድሞቼ እኔም ከሱቁ ባንኮኒ ኋላ እንድቀመጥ ይፈልጉ ነበር። «ኮምፒውተር ተምረሽ የሰው ቤት ልትቀጠሪ?» እያሉ ቢያላግጡም፣ ስድስት ወር ተሞክሬ ብቋቋም እንድቀጥል ተስማሙ። ካልተቋቋምሁ ወደ ሱቁ ልመለስ።

የኮምፒውተር ክፍሏ ጠባብ ናት፤ በውስጧ የነበሩት አያ ደምሌ ብቻ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሃምሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው ናቸው። በክረምት የጎማ ቦቲ ጫማቸውን በሩ ጥግ አውልቀው በካልሲ ይሠራሉ። ኪቦርዱን ሳይነኩ በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ማዕድ እንደሚቀርብ ሰው። መጀመሪያ ቀን ይህን አይቼ ስስቅ ያዙኝና፣ «ምነው ሳቅሽ? በዚህ እጅ የሚጻፈው የሰው ዓይን ነው እኮ» አሉኝ። በዚያን ጊዜ ነገሩን ማጋነን መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ልላቸው ሞከርሁ፤ አልወደዱትም። «ጋሽ የከተማ ሰው ነው። እኔ የደባት ሰው ነኝ፤ አያ በይኝ» አሉ። ከዚያ ወዲህ አያ ደምሌ ሆኑ፤ እኔም ዘሃራየ ሆንሁ።

ታሪካቸውን በቁርጥራጭ ነው የሰማሁት። በልጅነታቸው ዜማ ቤት ገብተው ነበር። ድምፃቸው እንቢ ሲል አንድ መምህር ዘንድ ሄደው ባሕረ ሐሳብ፣ የበዓላቱንና የዓመቱን ቁጥር ማውጣት ተማሩ። በኋላ ጎንደር ወርደው አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ዘበኛ ሆነው ተቀጠሩ። ተማሪዎቹ ለምሳ ሲወጡ አንዱ አስተማሪ ወንበር እየሰጣቸው፣ በምሳ ሰዓት ብቻ ተምረው ፕሮግራም መጻፍ ያዙ። ሚስታቸው እትየ የሺ ከደባት ወጣ ብሎ ያለውን መሬታቸውን ይዘው እዚያው ይኖራሉ። እሳቸው እዚህ ጎንደር ቁስቋም አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ በሚኒባስ ይሄዳሉ።

ኮድ ሲያነቡ ድምፅ ያወጣሉ። ዜማ ቤት የቀረባቸውን ድምፅ እዚህ የሚከፍሉት ይመስል፣ መስመሩን እየጎተቱ ያንጎራጉሩታል። ፕሮግራሙ አልሠራ ብሎ የስህተት ጽሑፍ ሲያወጣብኝ ተበሳጭቼ ከዘጋሁት ይቆጡኛል። «ስህተት ደብዳቤ ነው። አንብቢው እንጂ አትቅደጅው። ምነው ቸኮልሽ? ማሽኑ እንደሆን ዘመድ ጥየቃ አይሄድብሽ» ይላሉ።

ከሠሯቸው ሁሉ የሚኮሩባት «ዘመን» በምትባለዋ ሞጁል ነበር። ሞጁል ማለት አንዴ ተጽፎ የሚቀመጥ፣ ሌላው ፕሮግራም በፈለገው ጊዜ ጠርቶ የሚያሠራው የኮድ ጥራዝ ነው። ከፕሮግራሙ ቋንቋ ጋር የሚመጣው የቀን ሞጁል የፈረንጅ ነው፤ አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም። ለሕመምተኛ ቀጠሮ የምንሰጠው ደግሞ በኛው ቀን ነው። ስለዚህ አያ ደምሌ የራሳቸውን ጻፉ፤ ስሞቹንም በላቲን ፊደል ግን በአማርኛ ቃል አደረጓቸው። «ቀን ጨምር» አለ፣ «ቀን ቀንስ» አለ፣ «በዓል ነው ወይ» አለ። ጳጉሜ አምስት ስትሆን፣ ስድስት ስትሆን፣ ሁሉም ገብቶበታል። ሞጁሏን ሲያነሡ እንደ ልጅ በስሟ ይጠሯታል፤ «ዘመን ትምጣ»፣ «ዘመንን ጠይቂያት»።

ችግሩ የጀመረው እዚች ላይ ነው። ኮድ የምንጽፍበት ኤዲተር የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ሁለት ፊደል ስትጀምር የቀረውን ከነዝርዝሩ ያወርድልሃል። እኛ «ጠቋሚ» እንለዋለን። ጠቋሚ ካለህ ስም አትሳሳትም፣ የት ምን እንዳለ ይነግርሃል። በሳቸው ኮምፒውተር ላይ «ዘመን» ብለው ነጥብ ሲያደርጉ በውስጧ ያለው ሁሉ ተዘርግፎ ይወርዳል። በኔ ላይ ምንም። ባዶ። እንዲያውም ኤዲተሩ «ይህን አላውቀውም» ለማለት ከስሟ ሥር ቢጫ የተጥመለመለ መስመር ያሰምርባታል። ፕሮግራሙ ሲሮጥ ግን ያለ ምንም እንከን ይሮጣል፤ ሞጁሏን ያገኛታል። የማያውቃት ኤዲተሩ ብቻ ነው።

ነገርኋቸው። መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ይህን ከፈቱ፣ ያን ዘጉ፣ ሴቲንግ የሚባለውን ቅንብሩን አነበቡ። አንድ ሰዓት ያህል እንደሞከርን የካርድ ክፍሉ ማተሚያ ተበላሽቶ ጠሯቸው። ሲነሡ፣ «ነገ እንጨርሰዋለን። እስከዚያ ግን ይህን መስመር ዝም ብለሽ አትልመጅው» አሉኝ።

«ፕሮግራሙ ይሠራ የለም እንዴ?»

«ይሠራል። ግን ሰርክ በከንቱ የሚጮህ ውሻ፣ ሌባ ሲመጣ የሚሰማው የለም።»

ነገ ማተሚያው ሌላ አመጣ፤ ከነገ ወዲያ መብራት ጠፋ፤ በሳምንቱ እሳቸው ወደ ደባት ሄዱ። እኔም ደግሜ መጠየቅ አፈርሁ። ሥራ ላይ ያለሁት በሙከራ ነው፤ ኤዲተር መክፈት የማትችል እንዳልባል ሰጋሁ።

በዚያው ሰሞን የቀጠሮ ካርድ የሚያትመውን ፕሮግራም እንድጽፍ ተሰጠኝ። የመጀመሪያ የራሴ ሥራ ነበር። ሐኪሙ «ከሰባት ቀን በኋላ» ሲል ፕሮግራሙ ቀኑን አስልቶ ካርዱ ላይ ያትማል። መደመሩን ከ«ዘመን» መጥራት ነበረብኝ። ስጠራት ቢጫው መስመር ይመጣል፤ ጠቋሚው ስሟን አይሞላልኝም፤ በጽሑፌ መሐል እድፍ መስሎ ይታየኛል። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ ኤዲተሩ ያላወቀው ነገር የተበላሸ መስሎ ይታየኝ ነበር። ስለዚህ እዚያው ፋይል ውስጥ የራሴን ትንሽ ስሌት ጻፍሁ። ስምንት መስመር ብትሆን ነው። ቀኑ ከሠላሳ ከበለጠ ሠላሳ ቀንስ፣ ወሩን አንድ ጨምር፤ ወሩ ከአሥራ ሁለት ከበለጠ አዲስ ዓመት አድርግ። ጠቋሚው ወዲያው አወቃት። ቢጫ መስመር የለም። ገጹ እንደ ታጠበ ጨርቅ ጸዳ፤ ደስ አለኝ።

አያ ደምሌ ሲጠይቁኝ «አለቀ፣ ይሠራል» አልኋቸው። ሞከሩት፤ ሠራ። ያኔ ወሩ ግንቦት ነበር። ከግንቦት ወደ ሰኔ፣ ከሰኔ ወደ ሐምሌ፣ ሠላሳ ሠላሳ ቀን ነውና አንድም ቀን አልሳተችም።

ጳጉሜ አንድ ቀን ጠዋት ሲስተር ትርንጎ ወደ ክፍላችን መጣች። «ዛሬ ምን ሆኖ ነው? በሰባተኛ ቀን ፋሻና ዓይን ለማሳየት የሚመጣ አንድም ሰው የለም። ወረፋው ባዶ ነው» አለች።

አያ ደምሌ ቀና አሉ። «ባለፈው ሳምንት ቀዶ ሕክምና አልነበረም?»

«በየቀኑ ነበር እንጂ።»

መዝገቡን ከፈቱት። ነሐሴ ሃያ አራት ቀን ዓይናቸውን የተሠሩት ሁሉ መስከረም አንድ ተቀጥረዋል። ነሐሴ ሃያ ሰባት የተሠሩት መስከረም አራት። ለእንቁጣጣሽ ዕለት ቀጠሮ ሰጥተን ነበር፤ ከካርድ ክፍል እስከ ሐኪሙ ያየው ሁሉ ዝም ብሎ አልፎታል። ማሽን የጻፈውን ማን ይጠራጠራል?

ወንበሬን ገፍተው ኮዴን ከፈቱ። እንደ ወትሮው አላንጎራጎሩም። ስምንቷን መስመር ከላይ እስከ ታች አነበቡና፣ አውራ ጣታቸውን በሌሎቹ ጣቶቻቸው አንጓ ላይ እያሳለፉ ቆጠሩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ሲስተር ትርንጎ በማትሰማው ድምፅ፣ «ዘሃራየ፣ ጳጉሜን ረሳሻት» አሉኝ።

በዚህ አገር ተወልዶ ያደገ፣ በየዓመቱ ጳጉሜን የሚቆጥር ሰው ጳጉሜን ይረሳል? ረሳሁ። ስጽፍ የነበረው ስለ ቁጥር እንጂ ስለ ቀን አልነበረም።

አምስት ቀን ለሌላ ሥራ ትንሽ ነው። ዓይኑ ተቀዶ ለተሰፋ ሰው ግን ትንሽ አይደለም። ሐኪሙ በሰባተኛው ቀን የሚያየው ቁስሉ እንዳይመረቅዝ ነው። ስልክ ላላቸው ተከፋፍለን መደወል ጀመርን፤ አብዛኞቹ በዚያው ቀንና በማግስቱ መጡ። ስልክ የሌላቸው ሰባት ሰዎች ቀሩ፤ ሁሉም የገጠር። አያ ደምሌ የሰባቱን ስምና ቀበሌ በወረቀት ጻፉ፤ ቦቲያቸውን አጠለቁ።

«ለየቀበሌው ደብዳቤ እንላክ» አላቸው አንዱ የካርድ ክፍል ሠራተኛ።

«ወረቀት ልከን ነው እዚህ የደረስነው። እኔ እሄዳለሁ» አሉ።

እኔም ልሂድ ስል፣ «አንች ስልኩን ያዥ» ብለው ወጡ። እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ወለቃን ሲያልፉ ደውለው፣ አንዲቱ ሴት እዚያው መንገድ ዳር ሸክላ ስትሸጥ እንዳገኟትና ወደኛ እንደላኳት ነገሩኝ። የዚያን ቀን ድምፃቸው ደህና ነበር። ከዚያ ወዲያ ስልካቸው አልሠራም። ሰዎቹ ግን አንድ አንድ እያሉ መጡ፤ «አንድ ረጅም ሰው ልኮን ነው» እያሉ። ስድስቱ ደረሱ። ሰባተኛው አያ አስረስ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ።

አያ አስረስን ይዘው የመጡት መስከረም ሁለት ቀን ነው። ወንዝ ሞልቶባቸው ከወዲህ ማዶ አንድ ቀን ሙሉ ቆመዋል። እንቁጣጣሽ ዕለት ውኃው ሲጎድል ተሻግረው፣ ሰውየውን በበቅሎ እስከ መኪና መንገድ አወጧቸው። ግቢ ሲገቡ አየኋቸው። አያ ደምሌ እስከ ወገባቸው ጭቃ ናቸው። አያ አስረስ በነጠላ ጫፍ ግራ ዓይናቸውን ይዘዋል።

ሐኪሙ ፋሻውን ፈትቶ አየና፣ «ምነው ሲያምዎት አልመጡም?» አላቸው።

«አመመኝ። ሌት ተቀን አመመኝ» አሉ አያ አስረስ። «ግን ካርዱ መስከረም አራት ይላል። ሳልጠራ ብመጣ ሐኪም የማያምን ይሉኛል ብየ፣ ነውር መሰለኝና ታገሥሁ።»

ዓይናቸው አልተረፈም።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ጠሩን። ዋናው ሐኪምም ተቀምጠዋል። ሥራ አስኪያጁ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አድርገው፣ «ይህን ስሌት የጻፈው ማን ነው?» አሉ።

አፌን ከፈትሁ። እምልላችኋለሁ፣ ከፍቼ ነበር። ግን ቃሉ ከመውጣቱ በፊት አያ ደምሌ ተናገሩ።

«በዚህ ቤት የቀን ስሌት የኔ ሥራ ነው። የኔ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ትክ ብለው አዩአቸው። «ጳጉሜን? አንተ? ባሕረ ሐሳብ ተምሬአለሁ እያልህ በየዓመቱ ፋሲካን የምትነግረን ሰው?»

አያ ደምሌ አንገታቸውን ደፉ። «ሰው ነኝ» አሉ። «ረሳሁ።»

ከዚያች ቃል የበለጠ የሚከብድ በሕይወቴ አልሰማሁም። ሌላ ጥፋት ቢሆን ምንም አልነበረም። እሳቸውን የሚያህል ሰው ጳጉሜን ረሳሁ ማለት፣ መሪጌታ አቡነ ዘበሰማያት ጠፋኝ እንደማለት ነው። የተማሩትን፣ መምህራቸውን፣ ስማቸውን ነው ጠረጴዛው ላይ ያኖሩት። እኔም ዝም አልሁ። አጠገባቸው ቆሜ፣ ዝም አልሁ።

ኮሪደሩ ላይ እጃቸውን ያዝሁ። «ምነው እንዲህ አደረጉ? ተመልሼ እገባለሁ፤ እናገራለሁ።»

«ኤዲተሬ ሞጁሏን አላወቃትም ብለሽ ነግረሽኝ ነበር» አሉ። «ነገ አልሁሽ። ነገ ብየ የተውሁት እኔ ነኝ። ደግሞ አሁን ብትናገሪ ሁለታችንንም ያሰናብቱናል። ፕሮግራሙን ማን ይይዘዋል? የሙከራ ጊዜሽ ይለቅ፤ ከዚያ የምትፈልጊውን ትናገሪያለሽ።»

ከሁለት ቀን በኋላ የስንብት ደብዳቤ ደረሳቸው። እስከ ቀኑ መጨረሻ ዕቃ ያስረክባሉ ይላል። እሳቸው ግን ዕቃውን ትተው እጃቸውን ታጥበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ነይ እንግዲህ፣ ይህን ኤዲተር እንየው» አሉ።

«አያ ደምሌ፣ ዛሬ?»

«ዛሬ ካልሆነ መቼ? ከአንች ኋላ የሚመጣው ሰው ደግሞ የራሱን ይጽፋል።»

ያገለገለ ካርድ ገልብጠው እስክሪብቶ ያዙ። አንድ ነገር ብቻ ይለውጣሉ፣ ይሞክራሉ፣ ይጽፋሉ። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ስነካ እጄን መታ ያደርጉኛል፤ «የቱ እንዳዳነሽ ሳታውቂ ትድኛለሽ» ብለው። መጀመሪያ የሞጁሏ ስም በሁለታችን ኮምፒውተር አንድ ዓይነት መሆኑን አየን። አንድ ነው። ፕሮግራሙ ሲሮጥ ሞጁሏን ከየት ያገኛታል? ማስነሻው ፋይል ያለችበትን መንገድ ስለሚነግረው። ኤዲተሩስ ማን ይነግረዋል? እሳቸው የጻፉት የቅንብር ፋይል አለ፤ መንገዱ ተጽፎበታል። ፊደል በፊደል አነጻጸሩት፤ በኔም በሳቸውም አንድ ነው። እሳቸው ዘንድ ይሠራል፣ እኔ ዘንድ አይሠራም።

እስክሪብቶውን አስቀመጡ። ከዚያ፣ «እስኪ ዝጊውና፣ ጠዋት ስትገቢ እንደምታደርጊው አድርገሽ ክፈችው። እኔ እጅሽን ልይ» አሉኝ።

ዘጋሁት። እንደ ሁልጊዜው ዋናውን ፎልደር አልፌ፣ በውስጡ «ካርድ» የሚለውን ፎልደር መርጬ ከዚያ ከፈትሁት።

«አሃ» አሉ። «ከውስጠኛው ነው የምትከፍችው።»

«ሥራየ እዚያ ስለሆነ ነዋ።»

«የቅንብሩ ፋይል ያለው ከውጭኛው ነው። ኤዲተሩ ከከፈትሽለት ፎልደር በላይ አያይም፤ ቅንብሩን ጨርሶ አላነበበውም። ምንም አልተበላሸም ነበር፣ ዘሃራየ። አንድ ደረጃ ወደ ላይ ውጪና ክፈችው።»

ወጣሁና ከፈትሁት። «ዘመን» ብየ ነጥብ አደረግሁ። ዝርዝሩ ወረደ። ቀን ጨምር፣ ቀን ቀንስ፣ በዓል ነው ወይ፤ ሁሉም ተራ በተራ። ቢጫው መስመር የለም። ለዚህች ነው የሰው ዓይን የጠፋው፤ ለዚህች ነው እሳቸው የሚሄዱት። ኪቦርዱ ላይ ተደፍቼ አለቀስሁ።

እስክጨርስ ጠበቁኝ። «በይ ስምንቷን መስመር አጥፊያት» አሉ። አጠፋኋት። በምትኳ ቀን ጨምርን ጠራሁ። ነሐሴ ሃያ ሰባት ላይ ሰባት ጨምር አልሁት። ጳጉሜ አራት አለ። «ሸጋ» አሉና ተነሡ። ቁልፋቸውን አስረክበው፣ ቦቲያቸውን በፌስታል ቋጥረው በበሩ ሲወጡ እስከ ውጭ ሸኘኋቸው። ጎንደር ውስጥ ከዚያ ወዲያ አልሠሩም። ደባት አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ውስጥ ማመልከቻ እየጻፉ ኖሩ።

የሙከራ ጊዜየ አለቀ። አልተናገርሁም። የክፍሉ ኃላፊ ስሆን እናገራለሁ አልሁ፤ ሆንሁ፣ አልተናገርሁም። ወንድሞቼ በኔ መኩራት ጀመሩ፤ ያን ጊዜማ ጭራሽ ከበደኝ። አያ ደምሌ በየኢዱ እየደወሉ እንኳን አደረሰሽ ይሉኛል፤ ስለ ሥራው ይጠይቁኛል። እኔ ስለዚያ ነገር ልጀምር ስል፣ «ተይው፣ ሲሆንልሽ» ይሉኛል። አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ብወቀስ ይቀለኝ ነበር።

ለቅሶው ቤት የደረስሁት ሐሙስ ነው። ከደባት ከተማ ወጥቼ አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ ሄድሁ። ድንኳኑ በግቢው ተተክሏል፤ ሰው ሞልቶታል። እትየ የሺን ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም፤ በከሰለ ፊታቸው ለየኋቸው። ስሜን ስነግራቸው ብድግ ብለው አቀፉኝ።

«አንች ነሽ ዘሃራ? ስላንች ሸጋ ሸጋውን ሲያወራ ነው የኖረው።»

ወደ ጓሮ ወስደው ከግንድ ላይ አስቀመጡኝ። ስለ ሕመማቸው፣ ስለ መጨረሻው ሳምንት አጫወቱኝ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው እንዲህ አሉ፦

«የሚቆጨኝ አንድ ነገር ነው። እዚህ አገር የሰው ዓይን አጥፍቶ የመጣ ሲሉት ኖሩ። እሱ ያንን ሰው ዓመት ዓመት እየሄደ አዝመራውን ያግዘው ነበር። እኔም አልቀረሁ፤ በተጣላን ቁጥር በዚያ እመታው ነበር። ‹ጳጉሜን የሚረሳ› እለው ነበር። አንድ ቀን እንኳ መልሶልኝ አያውቅም።»

ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልሁም። ነገርኋቸው። ስምንቷን መስመር፣ ጽዱ ገጼን፣ ሥራ አስኪያጁ ፊት መቆማችንን፣ ዝም ማለቴን። ለኮምፒውተር ባዳ ቢሆኑም ሁሉም ገባቸው። እጃቸው ከእጄ ላይ ቀስ እያለ ተነሣ።

«ምነው በሕይወቱ ሳለ ሳትናገሪ?» አሉኝ።

«ፈራሁ።»

ሊያባርሩኝ ነው ብየ ጠበቅሁ፤ ቢያባርሩኝም እሄድ ነበር።

«ለኔ ነገርሽኝ» አሉ በመጨረሻ። አገጫቸውን ወደ ድንኳኑ አነሡ። «እነሱስ?»

ተነሥተው ፊት ፊቴ ሄዱ። ድንኳኑ ውስጥ ገብተን ወሬው ጋብ ሲል፣ «ይች ልጅ የምትናገረው አላት፤ ስሟት» አሉና ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ብቻየን ቆምሁ። ከወንዶቹ ረድፍ ጫፍ፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ግራ ዓይናቸው የተደፈነ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። አያ አስረስ ነበሩ። ፊቴን ወደሳቸው መለስሁ። ስሜንም፣ የአባቴንም ስም ተናግሬ ጀመርሁ። ቀኑን ያሰላሁት እኔ ነኝ፤ ጳጉሜን የረሳሁት እኔ ነኝ፤ አያ ደምሌ ያስተማሩኝን ብሰማ አልረሳም ነበር፤ የኔን ጥፋት ተሸክመው መጡ፤ እኔ ወንበራቸው ፊት ለፊት ተቀምጬ እንጀራ በላሁ።

አያ አስረስ ዱላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እኔ አምስት ዓመት ሙሉ ይቅር ብየዋለሁ እያልሁ ኖርሁ» አሉ። «አዝመራየን ሲያጭድልኝ፣ ይቅር እንዳልሁት ይወቅ ብየ ጠላ ቀድቼ እሰጠው ነበር። ለካስ ይቅር የምለው ነገር አልነበረውም!» ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አለቀሱ። አጠገባቸው ያሉት ወንዶችም ማልቀስ ጀመሩ፤ ልቅሶው እንደ መጀመሪያው ቀን እንደገና ተነሣ።

እኔ ከተናገርሁ በኋላ ምን እንደማደርግ አላሰብሁበትም ነበርና እዚያው መሐል ድንኳኑ ቆሜ ቀረሁ። መሄድም መቀመጥም አልቻልሁም። እትየ የሺ በመደቡ ላይ ሸርተት ብለው አጠገባቸው ቦታ አስለቀቁ።

«በይ አሁን ተቀመጭ» አሉኝ።